አባቴን ከኤስፔራንቶ ላድን እንጦጦ የወጣሁ ቀን

ጓደኞቼ፣ ይሄን ቆማችሁ አታንብቡት። ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ላይ፣ ሰው ፊት፣ አንድ ደብተር አጥምቄያለሁ።

አዎ፣ ደብተር። በጸበል!

ከመሳቃችሁ በፊት ግን ስሙኝ፤ ምክንያት ነበረኝ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከአባቴ ጋር ነው የምኖረው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ኮተቤ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ዝምተኛ ሰው ነው። እማዬ ካረፈች ሁለት ዓመቷ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የኔ ስልክ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ኢንሹራንስ ውስጥ የካሳ ጥያቄ የሚጣራበት ክሌም ክፍል ነኝ። ሰው "መኪናዬን ገጩብኝ" ሲለኝ "እርግጠኛ ነህ?" እላለሁ፤ ደሞዜም ለዚሁ ነው። ጥርጣሬ ሥራዬ እንጂ ጠባዬ አይደለም። (ታናሽ እህቴ፣ ኮመንት ላይ እንዳትመጪ!)

ታዲያ ከጥቂት ወራት ወዲህ አባዬ ተቀየረ።

መጀመሪያ ኮቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ ኮከብ ተሰካች። "ምንድን ናት?" ስለው "ኮከብ ናት" አለኝ። አመሰግናለሁ አባዬ!

ቀጥሎ ደብተር መጣ። እኔ ስገባ ይዘጋል።

ከዚያ ስልክ። ጓሮ ወጥቶ በሹክሹክታ ያወራል። አማርኛ አይደለም። እንግሊዝኛ አይደለም። ጣልያንኛ ይመስልና እሱም አይደለም። ደግሞ ይስቃል! ከእማዬ ቀብር በኋላ ሲስቅ ስሰማው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ታዲያ ምን ተሰማኝ? ደስታ?

ኧረ ተዉኝ። ጠረጠርኩ።

ሐሙስ ለት መስኮቱ ሥር አጎንብሼ አዳመጥኩት። ሊዘጋ ሲል "ጂስ ሳባቶ፣ ካራ!" አለ።

የክሌም ሰው እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠውም። ሳባቶ የሰንበት ዘመድ ስለሆነ ቅዳሜ መሆን አለበት። ካራ ደግሞ ከኮተቤ ማዶ ያለው ካራ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ፣ ካራ ላይ፣ ቀጠሮ አለ! ከማን ጋር? ከሆነ ምስጢራዊ ማኅበር ጋር። ወይም ከሴት ጋር። ወይም ከምስጢራዊ ማኅበር ሴት ጋር!

ወዲያው የቤተሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ "አባዬ የሆነ ነገር ውስጥ ገብቷል፣ ጸልዩ" ብዬ ለጠፍኩ። አባዬም ግሩፑ ውስጥ አለ፤ አያነብም ብዬ ነው።

የእማዬ ታላቅ እህት፣ አክስቴ አስካለ፣ ደወለች። "ይሄ ነገር ጸበል ይፈልጋል" አለች። እሷ ለራስ ምታትም፣ ለኔትወርክ መቆራረጥም ጸበል ነው የምታዝዘው።

ዛሬ ጠዋት አባዬ ዘንቢሉን ይዞ ወጣ። እኔና አክስቴ ራቅ ብለን ተከተልነው። እኔ ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ እሷ በሃይላንድ ጸበል ይዛ።

ወደ ካራ ታክሲ ይይዛል ስንል የእንጦጦን ዳገት መውጣት ጀመረ።

"ካራ በዚህ ነው እንዴ?" አልኳት።

አክስቴ ቀጥ ብላ ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ። "አንቺ፣ ካራ እኮ ቢላም ነው!"

የቀረውን ዳገት እንዴት እንደወጣነው አላውቅም።

ባሕር ዛፎቹ መሃል፣ ሰሌን ላይ፣ አምስት ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሃላቸው አረንጓዴ ጨርቅ። ጨርቁ ላይ ኮከብ። ኮከቡ አጠገብ ቢላ!

(ዳቦ ሊቆርሱበት ነው። ግን ዳቦው ገና ከዘንቢሉ አልወጣም ነበራ!)

አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትዮ ደብተሩን ይዘው በዚያ ቋንቋ ያነባሉ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

"አባዬ፣ ተነስ! እንሂድ!" ብዬ ጮህኩ። ደብተሩን ከሴትዮዋ እጅ ነጠቅኩ። ሃይላንዱን ከአክስቴ ተቀብዬ ግማሹን አፈሰስኩበት።

ቀለሙ በጣቶቼ መሃል እየወረደ ቀሚሴን ሰማያዊ አደረገው።

መጀመሪያ የተናገሩት ሴትዮዋ ናቸው። ሲስተር ጫልቱ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ። "የኔ ልጅ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "እሱ እኮ መዝገበ ቃላታችን ነው።"

ኤስፔራንቶ ይባላል። የማንም አገር ያልሆነ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ፤ አረንጓዴዋ ኮከብ ምልክቱ ናት። አባዬና ሲስተር ጫልቱ ስምንት ወር ሙሉ ቃላቱን በሦስት ረድፍ ሲጽፉ ከርመዋል፤ ኤስፔራንቶ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ። የመጀመሪያዋ ቃል "ካራ" ነበረች። በአማርኛ ቢላ፣ በኦሮምኛ መንገድ፣ በኤስፔራንቶ ግን ውድ፤ ውድ ጓደኛዬ እንደምንለው። በሷ ስቀው ነው ደብተሩን የጀመሩት። ሐሙስ ለትም ስልክ ላይ ለሲስተር ጫልቱ "እስከ ቅዳሜ፣ ውድ ጓደኛዬ" ማለቱ ነበር።

አሁን ገጹ ላይ የቀረው ሰማያዊ ኩሬ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?" አልኩት። ጥፋተኛ ሰው ሁሌ የሚጠይቀው ይሄንን ነው።

"ሦስቴ ነግሬሻለሁ" አለኝ። "አንዴ 'ኦኬ' አልሽ። አንዴ ስልክ ላይ ሆነሽ በእጅሽ 'ቆይ' አልሽኝ። በሦስተኛው 'ሊንኩን ላክልኝ' አልሽ፤ ላክሁልሽ።"

ቴሌግራሜን ከፈትኩ። ሊንኩ አለ። ከሥሩ የኔ አውራ ጣት አለ። ላይክ አድርጌዋለሁ!

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን በዚያ በተረጋጋ የመምህር ድምፁ ያስረዳኝ ጀመር። ቋንቋውን የፈጠረው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ባለች ከተማ የተወለደ የዓይን ሐኪም ነው። ከተማዋ ውስጥ የተለያየ ሕዝብ የየራሱን ቋንቋ ይናገራል፤ ሁሉም ጎረቤቱን በጎሪጥ ያያል። ሐኪሙ ይህን እያየ አደገና፣ ሰው ቢግባባ መጠራጠሩን ይተዋል ብሎ አሰበ። ሁሉም እኩል ከሀ የሚጀምረው ቋንቋ ሠራ። ሲያሳትመውም በራሱ ስም ፈንታ "ተስፋ የሚያደርግ" ብሎ ጻፈበት። ኤስፔራንቶ ማለት ያ ነው።

"ተስፋ ያደረገው አንቺን ስለማያውቅሽ ነው" አለ አባዬ።

"የሱን ወረቀት ወጣት ሳለ አባቱ አቃጠለበት ይባላል" ብሎ ጨመረ። "የኔን ልጄ አጠበችልኝ።"

አክስቴ አስካለ በዚህ ሁሉ መሃል የት ነበረች? ሰሌኑ ላይ ተደላድላ ዳቦ ትበላለች! ስንሰናበትማ "ዳንኮን" አለቻቸው፣ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ከዳተኛ!

ገጾቹን አንድ በአንድ፣ ድንጋይ እየጫንን፣ ሣር ላይ አሰጣናቸው። ግማሽ ያህሉ ተረፈ። የጠፋውን እነሱ እየነገሩኝ እንደ አዲስ እንድጽፍ ተፈረደብኝ። በየቅዳሜው። በእስኪርቢቶ!

ቁልቁል ስንወርድ አባዬ ስልኩን አውጥቶ ግሩፑንና የደወሉለትን ዘመዶች አሳየኝ። ለካ ግሩፑንም ያነባል። "ጸልዩ" ያልኩትን ያዩ ዘመዶች እየደወሉ "ምን ነካህ?" ሲሉት ነው የሰነበተው። ከእማዬ በኋላ የሚያወራው ሰው ቢያገኝ፣ እኔ አሳፈርኩት። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ግሩፑ ላይ ይቅርታ ጽፌያለሁ።

ከሰዓት ሳሎን ገባሁ። ከስልኬ አጥንቼ፣ "ፓርዶኑ ሚን፣ አባዬ" አልኩት። ይቅር በለኝ ነው።

ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። አየኝ፣ አየኝ፣ አየኝ። "ስቱልታ፣ ሴድ ሚያ" አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ሮጬ ሲስተር ጫልቱ ጋ ደወልኩ። "ሚያ 'የኔ' ነው፣ ሴድ ደግሞ 'ግን'" አሉኝ። ስቱልታስ? እሳቸውም ሳቁና ስልኩን ዘጉት።

እንግዲህ "እንዲህ ነች፣ ግን የኔ" ነው ያለኝ። እንዲህ የምትለዋን ሰርች ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ግን በቃ፣ መጠርጠር ትቻለሁ።

"ቆንጆ" ማለት ነው አይደል?