አርሶ ያልታየ ሰርቨር

ሳያመዛዝን ጨው የማይገዛ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። አለ የምትሉኝ ከሆነ ያ ከተማ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። በደብረ ማርቆስ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ክቡር ጋሽ የኋላሸት ናቸው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ሲሆኑ፣ ጫማ ሊገዙ ወጥተው የከተማውን ሱቅ ሁሉ ያዳርሱና አሮጌውን አሰፍተው ይመለሳሉ። ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ኪዳን ደግሞ፣ ባላቸው ለጋብቻ እስኪወስኑ ድረስ በመሀል ሌላ አግብተው ለመፍታት ጊዜ እንደነበራቸው ለሰማ ሁሉ ይናገራሉ።

አርሴማ ጋሽ የኋላሸትን በሩቁ ብቻ ነበር የምታውቃቸው። መናኸሪያው አጠገብ በተከራየቻት ክፍል ድረ ገጽ እየሠራች የምትኖር ልጅ ናት፤ ከሳቸው ጋር የሚያገናኛት ነገርም አልነበረም። በኋላ ግን መሪጌታ አምደሚካኤል ታመሙ።

መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዘንድሮ ለቅዱስ ያሬድ በዓል ከአልጋ እንደማይነሡ ሲታወቅ፣ ሮብ ገበያም፣ ቁይም፣ ደጀንም ያሉ ተማሪዎቻቸው አንድ ነገር ለመኑ። ድምፃቸው ይቀዳና በበዓሉ ጠዋት በየአጥቢያችን ሆነን ዜማውን አብረን እንቀበላቸው አሉ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ከሚጫንበት ቦታ ይጫን ቢባል መሪጌታ እምቢ አሉ፤ በዜማው መሀል የሳሙና ማስታወቂያ እንዲገባባቸው አልፈለጉም። ስለዚህ የራሱ ድረ ገጽ ይሠራ ተባለ። ሥራው ለአርሴማ ተሰጠ፤ ሰርቨሩን የመምረጡ ነገር ግን ለበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ለጋሽ የኋላሸት ተተወ። አርሴማ ይህን ስትሰማ ለበዓሉ የቀረውን ቀን መቁጠር ጀመረች።

ሰርቨር ማለት ድረ ገጹን ተሸክሞ ሌት ተቀን የማይተኛ ኮምፒውተር ነው ብላ አስረዳቻቸው። ሦስት አማራጭ ነበራት። አንደኛው አዲስ አበባ ያለ፣ ቅርብ በመሆኑ ፈጣን ነው። ሁለተኛው ባሕር ማዶ ያለ ርካሽ ነው፤ ግን ከብዙ ሰው ጋር ይጋሩታል። ሦስተኛው ዘገም ይላል፣ ዋጋውም ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ወደቀ ሲባል ግን አልሰማችም። ጋሽ የኋላሸት ጢማቸውን እያሻሹ አዳመጧትና፣ "አርሶ ታይቷል?" አሉ።

ጋሽ የኋላሸት የገበሬ ልጅ ናቸው። እሳቸው ባደጉበት አገር በሬ የሚገዛ ሰው ከመጨባበጡ በፊት በሬውን ጠምዶ ያያል፤ የሻጩንም ጎረቤት ይጠይቃል። የገዛ በሬዬ ለጋሚ ነው ብሎ የሚናገር ሻጭ የት ይገኛል? እናም ጋሽ የኋላሸት ስልካቸውን አንሥተው የሦስቱን ድርጅቶች ደንበኞች አንድ በአንድ ይጠይቁ ጀመር። ይለግማል ወይ? ሰው ሲበዛበት ይተኛል ወይ? ደጀን ያለ አንድ ባለ ሆቴል ስለ አስተናጋጁ የተጠየቀ መስሎት ስንት ጉድ ዘረገፈላቸው። እሳቸውም አላቋረጡትም፤ ለማመዛዘን ይጠቅማል አሉ።

በዓሉ እየቀረበ ሄደ። መሪጌታ እህል መቅመስ አቃታቸው። አርሴማ በንዴት ስትብሰለሰል ሰነበተችና አንድ ቀን ጋሽ የኋላሸት ቤት ድረስ ሄደች።

"ጋሼ፣ መሪጌታ እኮ እየደከሙ ነው" አለቻቸው። "እርስዎ ሲመዝኑ ቀኑ ቢያልፍስ?"

"ለዚያ እኮ ነው ልጄ" አሉ ጋሽ የኋላሸት። "ድምፃቸው መሀል ላይ ቢቆረጥ፣ ማን ነው ደግሞ የሚያዜምልን?"

አርሴማ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ሦስቱንም በአንድ ቀን መሞከሪያ መንገድ ፈለገች።

ለእሑድ ሙከራ ተቀጠረ። ሦስቱም ድርጅቶች ለጥቂት ቀን በነጻ ያስሞክራሉ፤ ጋሽ የኋላሸት ይህን ሲሰሙ ፈረንጅ በሬ መግዛት ያውቃል ለካ ብለው ተደነቁ። አልጋቸው ላይ እንዳሉ የተቀዳውን የመሪጌታን ድምፅ ግን ለሙከራ አላስነኩም። በምትኩ የራሳቸውን አስቀዱ፤ ስለ ጮቄ ተራራ የድሮ ትምህርታቸውን። ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያው ያለ ዲያቆን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩን ከፍቶ ስለ ጮቄ ከፍታ ተማረ።

የአዲስ አበባው እየጋለበ መጣና ሰው ሲበዛበት ተኛ። ርካሹ ከመነሻውም አልተነሣም። ሦስተኛው ግን ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ ሄደ፣ ትምህርቱንም እስከ መጨረሻው አደረሰ።

"እሱን ጥመጂው" አሉ ጋሽ የኋላሸት። ኮሚቴው ዋጋው በዛ ብሎ ሲያጉረመርም፣ ለዚህ ቀን ርካሽ አልፈልግም ብለው ቆረጡ። ከተማው ይህን ሰምቶ ሰውየው ታመው ይሆን ብሎ ጠየቀ።

በቅዱስ ያሬድ ጠዋት አርሴማ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ ጥፍሯን ስትበላ ቆየች። ድረ ገጹን የሚከፍተው ሰው ቁጥር ጨመረ፣ አሁንም ጨመረ፤ ሰርቨሩ አልተነቃነቀም። ከቁይ ተሰማ አሉ፤ ከሮብ ገበያም ተሰማ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸው ከየአጥቢያው ሲቀበሏቸው በስልክ ሰምተው አልጋቸው ላይ አለቀሱ።

አርሴማ የምሥራቹን ልታደርስ ጋሽ የኋላሸትን ስትፈልግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"ሰሙት ጋሼ?"

"አልከፈትኩትም።"

"ለምን?"

"ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ፣ ደግሞ እኔ ልጨመርበት? ተዪው፣ ይጨርስ።"

አንድ ሰው ቢጨመር ለሰርቨሩ ምንም እንዳልሆነ ልታስረዳቸው ትችል ነበር። አላስረዳቻቸውም። አጠገባቸው ተቀመጠችና የራሷን ስልክ ከፍታ ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው። ድምፁ ዘገም ብሎ መጣ። ጋሽ የኋላሸት ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ጉንጫቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ አርሴማ ዞሩ።

"ለመሆኑ፣ እኔን እንዲሸከም ማን ወርዶልኝ ነው?"

"እኔ" አለች አርሴማ። "እኔ ወርጄልዎት ነው።"