የአያ ይሆናል አምፖሎች

በየከተማው «ይሆናል» የሚል አንድ ሰው አለ። እሱ ባይኖር ግማሹ አገር ቆሞ ይቀር ነበር፤ ሌላው ግማሽ ግን በሰላም ይኖር ነበር። የኛው የጎንደሩ፣ አራዳ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ክቡር አያ ዐብዱልከሪም ናቸው። አያ ይሆናል እንላቸዋለን።

እሳቸው ዘንድ የማይገጥም ዕቃ የለም። የባጃጅ ክላክስ ለሲኖትራክ? «ይሆናል።» ሲኖትራኩ ኮሶዬ ዳገት ላይ እንደ ጫጩት ሲጮኽ በጎቹ ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ለሕፃን አልጋ ማወዛወዣ? «ይሆናል።» ሕፃኑ ዛሬ ጎረምሳ ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ መኪና ውስጥ ከተቀመጠ ወዲያው እንቅልፍ ይወስደዋል።

በቋንቋችን «ይሆናል» ማለት «ይገጥማል»ም ነው፣ «ምናልባት»ም ነው። እሳቸው የፊተኛውን ይናገራሉ፤ እኛ የኋለኛውን እንሰማለን።

በ2007 ጥር ጓደኛዬ አኒስ ሊያገባ ሆነ። ጎርጎራ ላይ ባለጀልባ ነው፤ ሙሽራዋ ሰሚያ ከጣና ማዶ ናት፤ ሚዜው እኔ ነኝ። ሙሽራዋን ይዘን ስንመለስ መምሸቱ አይቀርም። የወደቡ ጠባቂ ክንዱ ደግሞ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ መብራት ካልበራ ጀልባዋ ንቅንቅ አትልም ብሏል። የጀልባዋ አምፖሎች ተቃጥለዋል፤ ዓይነታቸውም ከጎንደር ጠፋ። የተገኘው የመኪና ኤልኢዲ ነው፤ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ።

«ይሆናል» አሉ አያ፤ ካቻቢቴያቸውን ይዘው አብረውን ጎርጎራ ወረዱ።

አምፖሎቹ በመያዣቸው ውስጥ እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይወዛወዙ ነበር። አያ የመያዣዎቹን ምላስ በፒንሳ አቅንተው ገጠሙ፣ ቀዩንና አረንጓዴውን መስታወት ከደኑባቸው፣ ማብሪያውን ተጫኑ። ጨለማ። ፈቱ፣ ሽቦ አጠበቁ፣ ከደኑ። ጨለማ። የሠርግ ጭብጨባችን ቆመ። ክንዱ የምታዘቀዝቀውን ፀሐይ አየ። አኒስ ከነሙሽራ ልብሱ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«አያ፣ ምነው?»

አያ ላባቸውን ጠርገው፣ ከአፋቸው ሰምቼ የማላውቀውን ቃል ተናገሩ። «እንጃ።»

የፋሲል ግንብ በቁሙ የተናደ መሰለኝ። ስንስቅበት የኖርነውን ቃል ለካ ተደግፈነው ኖረናል። ሳላስበው «ይሆናል፣ አያ» አልኩ።

«ቃሌን አትስረቀኝ» ብለው በንዴት መስታወቱን ነቀሉት። አምፖሉ በርበሬ መስሎ በርቷል። ሲከድኑት ጠፋ፤ ሲያነሡት በራ። በጥድፊያ ቀዩን አምፖል ከአረንጓዴው መስታወት ኋላ፣ አረንጓዴውን ከቀዩ ኋላ አስገብተው፣ ሁለቱም ታፍነው ነበር። ሁለት ቀለም ተደራርቦ ጨለማ እንደሚወልድ ዩኒቨርሲቲ ማንም አልነገረኝም። አያ አቀያየሯቸው። በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ። ገመዱን የፈታልን ራሱ ክንዱ ነው።

ማዶ ስንደርስ የሙሽራዋ እናት ራቢዓ መብራቶቹን አዩ፣ ሙሽራውንም አዩ፤ ከዚያ ወደ አያ ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«ልጁ ለልጄ ይሆናል?»

አያ ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከተው አኒስን ከእግር እስከ ራሱ መረመሩት።

«ይሆናል።»

ያን ቀን ማናችንም «ምናልባት» ብለን አልሰማንም።