ለፋሲካ ይመጣል

ልጇን የምትዋሽ እናት አጋጥማችሁ ታውቃለች? ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንዷን በደንብ አውቃታለሁ፤ ራሴ ነኝ። ባለቤቴ አዲስ አበባ ይሠራል። መንገዱ አላስተማምን ካለ ወዲህ፣ በየዓመቱ ለትንሿ ልጄ «አባዬ ለፋሲካ ይመጣል» እላታለሁ። የዶሮውንም ፈረሰኛ አስቀምጥለታለሁ።

ዘንድሮ በስቅለት፣ ቄሱ በወይራ ቅጠል ቸብ ቸብ እያደረጉ ኃጢአታችንን ሲጠይቁን ልጄ ቀደመችኝ።

«አባ፣ እማዬ ዋሽታለች! አባዬ ይመጣል ትላለች፤ አይመጣም!»

ከዚህ የባሰ ምስክር ከየት ይመጣል?

«ሃምሳ ስገጂ» አሉኝ ቄሱ። ትንሽ ቆይተው ግን «እኔም ለልጅ ልጆቼ ስለ እናታቸው እንዲሁ እላለሁ» ብለው ከጎኔ ሰገዱ።

ቆጣሪዋ ልጄ ነበረች። ተመስገን፣ መቁጠር ጀምራለች፤ የምታውቀው እስከ አስር ብቻ ስለሆነ ግን፣ አስር በደረስን ቁጥር እንደገና ከአንድ ታስጀምረናለች።