የካሊፎርኒያ ናት ወይስ የአርባ ዘጠኙ?

የናፍጣ ፒካፕ በሚነዳበት የካሊፎርኒያ ከተማ ሁሉ፣ ኮፈን ሳያስከፍት ሰላምታ የማይሰጥ አንድ ሰው አይጠፋም። የኛ ሰፈር ነጻ ነው የምትሉ ካላችሁ ጎረቤታችሁን እንደገና እዩት። የኛው ከተማ የሪፖኑ፣ ክቡር ሊቀ ጭስ ሃርላን ቫንደርቬን ይባላሉ። አርባ ዓመት የመኪና ዕቃ ሸጠው ጡረታ ወጥተዋል፤ ምላሳቸው ግን ገና ሥራ ላይ ነው።

ክቡርነታቸው "እንደምን ዋላችሁ" አያውቁም። "የካሊፎርኒያ ናት ወይስ የአርባ ዘጠኙ?" ነው የሚሉት። መልስ ሳይጠብቁ ኮፈኑን አስከፍተው፣ ከሥሩ የተለጠፈችውን፣ መኪናዋ ለየትኛው ግዛት ሕግ እንደተሠራች የምትናገረውን ወረቀት አፍንጫቸው እስኪነካት ጎንበስ ብለው ያነቧታል። ከዚያማ ትምህርቱ ይጀመራል!

"የኛ ግዛት ለጭስ የራሷ ሕግ አላት። ለቀሩት አርባ ዘጠኝ ግዛቶች የፌዴራሉ ይበቃቸዋል። በደጉ ዘመን ለኛ የሚመጣው ፒካፕ ጭሱን ወደ ሞተሩ መልሶ የሚያቃጥል ተጨማሪ ቧንቧ ነበረው፤ ጉልበቱም ቀነስ ያለ ነበር። የአርባ ዘጠኙ ግዛቶች ፒካፕ ዝም ብላ ትተነፍሳለች፤ የኛዋ ግን ትናዘዛለች!"

በወንድሜ ልጅ ሠርግ ዕለት ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ የሙሽራው ፒካፕ ኮፈን ተከፍቶ ተገኘ። ሙሽራው "አባባ፣ ሚስቴ እየጠበቀችኝ እኮ ነው" ብሎ ቢለምናቸው፣ "ትጠብቅ! እሷ የየት እንደሆነች ታውቃለህ፤ ይቺን ግን አታውቅም" አሉት። ቀብር ላይም አይተናቸዋል። የሬሳ መኪናዋ የቤንዚን መሆኗን ሲሰሙ ቅር ብሏቸው ወደ ኀዘንተኛው ተመለሱ።

ባለፈው ጥር የንብ አናቢዋ የዊልማ ሆክስትራ አሮጌ ፒካፕ ሞተሩ ነክሶ መንገድ ላይ ቀረ። አልሞንድ የሚባለው የለውዝ ዛፍ ሊያብብ የቀረው ሁለት ሳምንት ነው። አበባውን እንዲያዳቅሉ ለገበሬዎች የምታከራያቸው ቀፎዎቿ በጊዜ እርሻው ካልደረሱ የዓመት እንጀራዋ አበቃ። ደግነቱ ኔቫዳ ፋለን ውስጥ ኦሪን የሚባል ከብት አርቢ፣ አዲስ ሊባል የሚችል ፒካፕ በርካሽ ለሽያጭ አወጣ። ዊልማ እንዳደርሳት ለመነችኝና፣ "ሃርላን ከመጣ ግን በእግሬ ነው የምሄደው" አለች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። በማግስቱ ጠዋት ክቡርነታቸውን መኪናዬ ውስጥ ከኔ ቀድመው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዊልማ አምስት ሰዓት ሙሉ ከኋላ ሆና፣ ኮቷን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ተጓዘች።

ፋለን ደረስን። ፒካፗ እንዴት ታምራለች! ዊልማ እስክሪብቶ ይዛ ልትፈርም ስትል ከኮፈኑ ሥር ጩኸት ተሰማ።

"እንዳትፈርሚ! የአርባ ዘጠኙ ናት! ስንት ማይል ሄዳለች?"

"ሰባት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ አምስት" አለ ኦሪን።

"አለቀልን! የኛ ግዛት ሰው ሰባት ሺህ አምስት መቶ ማይል ያልሞላች የአርባ ዘጠኙን ከገዛ ታርጋ አያገኝም!"

ኦሪን ከት ብሎ ሳቀ። "ታዲያ ምን ችግር አለው ሽማግሌው? ቤቷ እስክትደርስ ይሞላል እኮ!"

እኔና ዊልማ እፎይ አልን። ስንቱ ሰው ጉድ የሆነው እዚችው ላይ ነው።

"የሚቆጠረው በተገዛችበት ቀን ያለው ማይል ነው!" አሉ ሃርላን። "ፈርመሽ መቶ ሺህ ብትነጃት የሚያይልሽ የለም።"

የዊልማ ዓይን እንባ አቀረረ። "ቀፎዎቼስ?"

ሃርላን መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ኦሪንን አዩ። "አሁን ፒካፗ የማን ናት? የኦሪን! እንግዲያስ ኦሪን ይንዳት! ፈርንሊ ከተማ ደርሶ መልስ ሃምሳ ማይል ያልፋል። እንዳይደብረው እኔ አብሬው እሄዳለሁ።"

ምስኪኑ ኦሪን ደስ ብሎት ተነሣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ሰውየው ፊቱ አመድ መስሏል። ቆጣሪው ግን ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዘጠኝ ይላል! ሃርላን ቁጥሩን ውሉ ላይ በትልቁ አስጻፉት። ዘለልን፣ ተቃቀፍን፣ ኦሪንንም ሳይወድ አቀፍነው።

"የቧንቧውን ነገር ሦስት ጊዜ ነገሩኝ" አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያም ወደ ዊልማ ዞሮ፣ "እመቤቴ፣ ትርፍ ጎማውንም ገመዱንም መርቄልሻለሁ። ብቻ እኚህን ሰውዬ ይዘሽልኝ ሂጂ" አላት።

በእግሬ እሄዳለሁ ያለችው ዊልማ የአዲሷን ፒካፕ በር ለሃርላን ከፈተች። "ምን ይገትርሃል፣ አንተ ሰውዬ? ግባ! የዚያን ቧንቧ ነገር ከመጀመሪያው ንገረኝ።"

እኔ ብቻዬን ተከተልኳቸው። ተራራውን ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ኮሽታ የለም። ስንት ዓመት የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ ግማሽ መንገድ ሳልሄድ ሰለቸኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሃርላን ናፈቁኝ።

ትራኪ ከተማ ነዳጅ ልቀዳ ስቆም አንድ የማላውቀው ሰው ትልቅ የናፍጣ ፒካፕ አጠገቤ አቆመ። ምላሴን ነከስኩት፤ አልሆነልኝም።

"ወንድሜ፣ የካሊፎርኒያ ናት ወይስ የአርባ ዘጠኙ?"

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝና ፈገግ አለ። "እኛም ከተማ አንድ አለ" ብሎ ኮፈኑን ከፈተልኝ።