ከፊልም ጋር የሚጣሉት ሻለቃ ጎማ

ውሸት ነው እያለ የሚሰድበውን ፊልም አንድም ቀን ሳያመልጠው የሚያይ ሰው ምን ፈልጎ ነው የሚያየው? ስለ አከራዬ ስለ ሻለቃ ጎማ ይህን ጥያቄ ራሴን መጠየቅ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። መልሱን አላገኘሁም። እሳቸውን መጠየቅ አይታሰብም፤ ፊልም እያዩ ጥያቄ አይወዱም፣ ፊልም በማያዩበት ሰዓት ደግሞ ስላዩት ፊልም እያወሩ ነው።

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት የቴሌቪዥን ተመልካች አለ፤ የሚያይና የሚጣላ። የሚጣላው በየቤቱ አይጠፋም። ሐኪም ቤት የሚያሳይ ድራማ ሲመጣ «መርፌ እንዲህ አይያዝም» ይላል። የእግር ኳስ አሰልጣኙን በስሙ ጠርቶ ይመክረዋል። ዜና አንባቢዋን ሳይቀር «እስቲ ቀስ በይ» ብሎ ይቆጣታል። የኛ ሻለቃ ግን ኃይላቸውን በየቦታው አይበትኑም። ጠባቸው ከአንድ ዓይነት ፊልም ጋር ብቻ ነው፤ ስለ ተዋጊ ጄት አብራሪዎች ስልጠና ከሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ጋር።

ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው። በአየር ኃይል ግቢ ሃያ ሁለት ዓመት የጄት ጎማ ቀይረዋል። ሲገቡ ጎማ ቀያሪ ነበሩ፣ ሲወጡ የጎማ ቀያሪዎች አለቃ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልበረሩም። ይህን የሚያነሳባቸው ካለ መልሳቸው ዝግጁ ነው፦ «አውሮፕላን በቀን አንድ ሰዓት ይበራል። ሃያ ሦስቱን ሰዓት የቆመው በኔ ላይ ነው።»

የኔ ክፍል ከሳሎናቸው የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ፊልሙ ሲጀምር ማንበብ ስለማይቻል መጽሐፌን አጥፌ ወደነሱ ሳሎን እሄዳለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ሹራባቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይደላደላል። ልብስ ሰፊው ፊልም የሚወድ፣ የሚያምንና የሚያለቅስ ሰው ስለሆነ ከሻለቃ ጋር አንድ ሶፋ ላይ መቀመጡ ራሱ ትርኢት ነው።

አብራሪዎቹ የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ጎን ለጎን ሆነው፣ ፀሐይ ከኋላቸው እየጠለቀች፣ በዝግታ ወደ ካሜራው ይመጣሉ። ከበሮ ይመታል። የልብስ ሰፊው ፀጉር ይቆማል።

«ወዴት ነው የሚሄዱት?» ይላሉ ሻለቃ።

«ወደ ሰማይ ነዋ፣ ጋሼ!»

«በእግራቸው? አውሮፕላኑ እኮ የቆመው ማዶ ነው። የሚሄዱት በሚኒባስ ነው። በሚኒባስ! ያውም በሩ በገመድ የታሰረ ሚኒባስ። እስቲ አንድ ቀን ሹፌሩን አሳዩን!»

ጄቱ ይነሳል፣ ይገለበጣል፣ ደመና ይሰነጥቃል፣ ተመልሶ ያርፋል። ልብስ ሰፊው ያጨበጭባል። ሻለቃ ግን ሰማዩን አላዩትም፤ ያዩት ጎማውን ነው።

«ሲነሳ አዲስ ጎማ ነበር። ሲያርፍ መላጣ ሆነ። ሰማይ ላይ ጎማ ያልቃል እንዴ? ሁለት አውሮፕላን ነው፣ ሁለት ቀን ነው። ቀጥለው ሸጡልህ!»

«ጋሼ፣ እባክዎ፣ ደስ ይበለን ይተዉን።»

«ደስ ይበልህ፤ ግን አውቀህ ይበልህ።»

ፍትሐዊ ሰው ናቸው ታዲያ፤ እውነት ሲያዩ ይመሰክራሉ። ሰልጣኞቹን ትልቅ ክንድ ጫፍ ላይ አስሮ የሚያሽከረክረው ማሽን ሲመጣ፣ የልጆቹ ጉንጭ ወደ ጆሯቸው ሲሸሽ፣ ሻለቃ እጃቸውን አንስተው «ይሄ እውነት ነው፤ ጩኸቱን ግን በኋላ ነው የለጠፉበት» ብለው ግማሽ ማኅተም ይሰጣሉ። ሙሉ ማኅተም ያገኘ ትዕይንት በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰልጣኝ መመሪያ እያነበበ እንቅልፍ ሲወስደው የሚያሳይ ነበር።

እሳቸው ቢሠሩት የሚሠሩትን ፊልም ብዙ ጊዜ ተርከውልናል። የመጀመሪያው ሰዓት ጉም እስኪገፈፍ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ፎርም መሙላት። በሦስተኛው ሰዓት አንድ ሰው ተንበርክኮ የጎማ ንፋስ ይለካል፤ ልክ ይሆናል፤ ይነሳል።

«በነፃ ቢሰጡኝም አላየውም» ይላሉ እትዬ ከሹራባቸው ቀና ሳይሉ።

ይህ አመል ከሳሎን አልፎ መንገድ ወጥቷል። ሰው ወሬ ሲያመጣላቸው «ሙዚቃውን ቀንሰህ ንገረኝ» ይላሉ። አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊው እየሮጠ መጣና ሌሊቱን ሰባት ሌቦች ሱቁን ሊሰብሩ እንደነበር ነገራቸው።

«ሙዚቃውን ቀንሰህ ንገረኝ።»

«እሺ፣ ሦስት ይሆናሉ።»

«ቀንስ።»

«ኮቴ ሰምቻለሁ፣ ጋሼ፣ እውነቴን ነው።»

«ቀንስ አልኩህ።»

«...ድመትም ልትሆን ትችላለች።»

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሴት። በዚህ ቤት ሙዚቃ ሳይከፈት ነው ያደገችው። የፈተና ውጤት ስታመጣ «ከስንት ነው? ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? ስንቱ ኮረጀ?» እየተባለች። እና ይህችው ልጅ ባለፈው ዓመት ለአብራሪነት ስልጠና ተመረጠች፤ ከአስር ሰልጣኞች አንዷ። ሻለቃ ዜናውን ለሰፈሩ በሙሉ ሲናገሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሙዚቃ ጨመሩበት። የተፈታኙን ቁጥር በየቤቱ ሲናገሩት እያደገ ሄዶ ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ ሃያ ሺህ ገብቷል።

ከዚያ ፊልም ቀራጮች ወደ ስልጠና ግቢው ሄዱ። የልጅቷን ክፍል ሦስት ወር ሙሉ ቀረጹ። አንድ ሰኞ ማታ ማስታወቂያው መጣ። ጄት እያረፈ ጎማው ይፈነዳል፣ ጭስ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ «አስር ሰልጣኞች ገቡ። ዘጠኝ ብቻ ይቀጥላሉ» ይላል። ወዲያው የሻለቃ ልጅ ፊት ይመጣል። የራስ ቁሯን ታወልቃለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ስክሪኑ ይጠቁራል። እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይጠብቁን።

ሻለቃ ጎማውን እንኳ አልተሳደቡም። እኔና እትዬ የተያየነው ያን ጊዜ ነው።

በማግስቱ ሻለቃ በሬን አንኳኩ። ማስታወቂያውን በስልኬ እንድከፍትላቸው ነበር። ከፈትኩ። «አቁመው» አሉ። አቆምኩ። «ትንሽ መልሰው» አሉ። ጭሱን፣ ከጭሱ ሥር ያለውን ጎማ፣ ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ያለውን እግር አንድ በአንድ አዩ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀና አሉ።

«የነሱ ማሰልጠኛ አውሮፕላን ከፊት አንድ ጎማ ነው ያለው። ይሄ ሁለት አለው። የሌላ አገር አውሮፕላን ነው፤ ከአሮጌ ፊልም ቆርጠው ነው የለጠፉት።»

«እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኩ።

አልተነሱም። «ፊቷን አምጣው» አሉ።

አመጣሁት። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጎማ ከሆነ ስንት ጊዜ እንዳረፈ እነግርሃለሁ። የልጄን ፊት ግን ማንበብ አቃተኝ» አሉ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። «ሰውዬ፣ እሁድ አናግረሃታል እኮ! ደህና ናት!»

«ደህና መሆኗንማ ሰምቻለሁ። ከስልጠናው አስወጥተዋት እንደሆነስ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ሙዚቃውን ቀንሱ የምትለው? ቀንሰህ እየው!»

«ድምፁን አጥፍቼ አየሁት። እንባው ግን አልጠፋም።» ከዚያ ወደኔ ዞረው ቀስ ብለው «ቢያስወጧትስ ምን ብላ ትነግረኛለች? ያመጣችውን ሁሉ እየገለበጥኩ ስፈትሽባት ያደገች ልጅ ናት» አሉ።

ግቢው ስልክ የሚፈቅደው እሁድ ከአስር ሰዓት በኋላ ብቻ ነው፣ ያውም ለአስር ደቂቃ። ስለዚህ ከማክሰኞ እስከ እሁድ መጠበቅ ሆነ። ሻለቃ በዚያ ሳምንት ከማንም ጋር አልተጣሉም። ልብስ ሰፊው ሆን ብሎ «ትናንት አንበሳ የሚያክል ውሻ አሳደደኝ» ቢላቸው «አይዞህ፣ ተርፈሃል» አሉት። ሰውየው ደንግጦ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ከግድግዳው ማዶ የሶፋው ሲጢጥታ አላቆመም። ገጽ እገልጣለሁ፣ ሶፋው ይጮኻል፤ እገልጣለሁ፣ ይጮኻል። እንዲህ ሆነን አምስት ሌሊት ነጋ።

እሁድ ኮት ለብሰው ተቀመጡ። ፊልሙ ጀመረ። አስሩ ልጆች የራስ ቁራቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ፀሐይዋን ከኋላ አድርገው፣ በዝግታ መጡ። ሁላችንም ወደ ሻለቃ ዞርን። ዝም። ልብስ ሰፊው አላስችል ብሎት «ጋሼ፣ ሚኒባሱስ?» አለ። ዝም። እውነቴን ልናገር፣ ያን ጊዜ ነው ፊልሙ የሰለቸኝ። ለካ እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ጄት አላይም ነበር። ዝም ብለው የተቀመጡትን ሰውዬ እያየሁ፣ ተሳደቡልን ብዬ ልለምናቸው ምንም አልቀረኝም።

እንባዋ መጣ። ከበሮው ተመታ። ማስታወቂያ ገባ፤ ስለ ሳሙና። ሻለቃ ሳሙናውን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው አዩት።

ከሳሙናው በኋላ የማይቀጥለው አስረኛ ሰልጣኝ ታወቀ። ግቢው ውስጥ በቁመቱ የታወቀ ልጅ ነው። መረብ ኳስ ሲጫወት ዘሎ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮ ወደሚቀጥለው ዙር ተዛወረ።

«ለመረብ ኳስ ነው ሳምንቱን ሙሉ ያስጨነቁን?» ብሎ ልብስ ሰፊው ተነሳ። ሲያምን የኖረ ሰው ሲከዳ አያድርስ። እትዬ ሹራባቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ሳቅ መሆኑን ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ከዚያ የልጅቷ በረራ ሆነ። ወፍራሙ ድምፅ «አሁን ብቻዋን ከደመና በላይ ናት» አለ። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። የራስ ቁሯ መስታወት ያብረቀርቃል። ልብስ ሰፊው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ጋሼ! መስታወቱ ላይ ይመልከቱ! የአውሮፕላን ማቆሚያው ጣሪያ ነው እኮ! መሬት ላይ ናት!»

ልክ ነበር። የጣሪያው ብረት በመስታወቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ተማሪው መምህሩን በለጠ።

«ደመና ነው» አሉ ሻለቃ።

«የቆርቆሮ ደመና?»

«ደመና ነው አልኩህ! ቁጭ በል!»

አስር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ሻለቃ ድምፅ ማጉያውን ተጫኑት።

«አባዬ! አየኸው?»

«አየሁት።»

«በል ንገረኝ። ስንት ውሸት ቆጠርክ?»

«ምንም። ሁሉም እውነት ነው።»

«አባዬ፣ አሞሃል እንዴ? እማዬን ስጣት።»

«ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ጣሪያውን አላየኸውም? አንተ ታየዋለህ ብዬ ከልጆቹ ጋር ተወራርጄ! ደግሞ እንባዬ... ጉንፋን ይዞኝ ነበር እኮ። ልጠርገው ስል ቀራጩ አትጥረጊው፣ እንዲሁ ያምራል አለኝ።»

እትዬ ጮክ ብለው «ጉንፋን!» አሉ። ሻለቃ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የኔ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አስወጥተውሽ ቢሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። «መጀመሪያ ለአንተ ነበር የምነግረው» አለች። «ሰው ሁሉ ስለ ግልብጥብጡ ነው የሚጠይቀኝ። ስለ ተራው ቀን የሚጠይቀኝ አንተ ብቻ ነህ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የመጀመሪያ ቀን ብቻዬን ሳርፍ ምን እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም። ሦስት ጊዜ ነጠርኩ፣ አባዬ። እንደ ኳስ። አስተማሪዬ መሬቱን ይቅርታ ጠይቂው አለኝ።»

የሻለቃ ፊት ሲበራ አየሁ። ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት።

«ሦስት? የትኛው ጎማ ነው ቀድሞ የነካው?»

«የግራው።»

«ንፋሱ ከየት ነበር?»

«ከግራ።»

«እንግዲያው አነካክሽ ልክ ነው። ፍጥነትሽ ነው የበዛው። ከዚያስ? ጎማውን ወርደሽ አየሽው?»

«አየሁት። ጎኑ ላይ ትንሽ ተቃጥሏል።»

«ምን ያህል? በጣት ለኪልኝ!»

አስሩ ደቂቃ አለቀ። ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረው ልጅ የራሱን አስር ደቂቃ ለቀቀላት፤ እሱም አለቀ። ሻለቃ ለሃያ ደቂቃ ስለ አንድ ጎማ ጎን አወሩ። ልብስ ሰፊው ምንም ሳይገባው አፉን ከፍቶ አዳመጠ፤ ከፊልሙ የበለጠ ደስ ብሎት ነበር።

ስልኩ ሲዘጋ ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ፊልሙ በድጋሚ መታየት ጀምሮ ነበር። አንድ አብራሪ በኩራት ጎማ በእግሩ ሲመታ «ጎማ በእርግጫ አይፈተሽም፣ አንተ...» ብለው ጀመሩና ስድቡን ሳይጨርሱት ቀሩ። አንገታቸው ወደ ጎን ዘመመ፤ የአምስት ሌሊቱ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እትዬ ድምፁን እንዳጠፋው በዓይናቸው ጠቀሱኝ፤ አጠፋሁት። ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ማሰሪያ ፈታሁና ጫማቸውን አወለቅኩላቸው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ሳይ ከቀኑ አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር።