አባ ጠቅጠቅ

በቋንቋችን ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሞተር ሳይክሉንም ሞተር እንለዋለን፤ ሆዱ ውስጥ ሆኖ የሚያስጮኸውንም ሞተር እንለዋለን። ሰው «ሞተሬ ተበላሸ» ሲልህ ለየትኛው ነው የምታዝንለት? እኔ እንዲመቸኝ ብዬ ከፍዬዋለሁ። መላዋን «ሞተሯ» እላታለሁ፣ ሴት ናት። ውስጧ ያለውን «ሞተሩ» እለዋለሁ። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ያውቃል።

ሞተሯ የታላቅ ወንድሜ የብርሃኑ ናት። ብርሃኑ ድሬሰር ነበር፣ ሕመምተኛ የሚያክም የጤና ረዳት። አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ገዛት። መርፌና ክኒኑን በቆዳ ቦርሳ ይዞ ከጅማ ይነሣና ሰርቦን አልፎ በየቡና ጫካው ይዞርባታል። ሞተሩ ድሮም ጤነኛ አልነበረም። ውስጡ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ነበረው። ዳገት ላይ ይፈጥናል፣ ሜዳ ላይ ረጋ ይላል። ብርሃኑ ግን አላሠራውም። ለምን ይመስልሃል? ሕመምተኛው ከሩቅ ይሰማዋላ። ጠቅጠቅታው ገና ከወንዙ ማዶ ሲሰማ እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌው ምርኩዙን ይዞ መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቀዋል።

በጅማ ድሮ የተከበረ ሰው በፈረሱ ስም ነበር የሚጠራው። አባ እንትና ይባላል፣ እንትና ፈረሱ ነው። ፈረስ ቀርቶ ሞተር ሲመጣም ሰዉ ልማዱን አልተወም። ወንድሜን አባ ጠቅጠቅ አሉት። እሱም ክርስትና ከተነሣበት ስም ይልቅ በዚህኛው ይኮራ ነበር።

ከዚያ ያ ጊዜ መጣ። የቱን ጊዜ እንደምል አታጣውም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቀበሌ ሰዎች መጡና ለጥያቄ ትፈለጋለህ አሉት። ሞተሯን ግድግዳው ላይ አስደግፎ አብሯቸው ወጣ። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ተኝታ እንዳትቀር፣ አልፎ አልፎ አስነሣት» አለኝ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ሞቷል ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም። እናቴ ቀበሌ ሄዳ ብትጠይቅ እዚህ የለም አሏት። ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ብትሄድ ሁለተኛ እንዳትመጪ አሏት። መሞቱን ሳይነግሯት ምን ብላ ታልቅስ? ቢነግሯትስ ማልቀስ ይፈቀድ ነበር? ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ ሳታዘቀዝቅ ዓመታት አለፉ።

እኔም እንዳለኝ አስነሣኋት። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነበር። በኋላ ሰርቦ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ በየቀኑ እመላለስባት ጀመር። አበሳዬን እዚያ አየሁት። ጠቅጠቅታውን የሰማ ሁሉ ሕመምተኛውን ይዞ ይወጣል። እኔ ኪስ ውስጥ ያለው ጠመኔ ነው። አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን ወደ እኔ ዘርግታ ቆመች። አባ ጠቅጠቅ አይደለሁም፣ ወንድሙ ነኝ ብላት ልጁን መልሳ አቀፈችውና አዘነችልኝ። ለእሱ ነው ወይስ ለእኔ ያዘነችው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ቤትም ያው ነው። ጅማ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ያለው ግቢያችን ሳልደርስ እናቴ ድምፁን ትሰማለች። በሩን ከፍታ ትጠብቀኛለች። ፊቴን ስታይ «አንተ ነህ?» ትለኛለች። ሰላምታዋ ነው ብዬ ለምጄው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰርቦ ስመለስ ዳገቱ መሐል ሞተሩ ቀጥ አለ። ማስነሻውን ብረግጥ ወይ ፍንክች። ቡና የጫነ መኪና ለምኜ ጋሽ ነስሩ ጋራዥ አደረስኳት። ጋሽ ነስሩ የጅማ ልጅ ናቸው፤ ሞተር ሲፈቱ ቢስሚላህ ሳይሉ መፍቻ አያነሡም። ፈቱትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ማሎ፣ ይኼ እንዴት ሲሄድ ነበር?» አሉኝ። «ፒስተኑ አልቋል። ሲሊንደሩ ሰፍቷል። ሰኮሩ ከተማ የእሷ ዓይነት አንዷ ከመኪና ተጋጭታ አካሏ ተጣሞ ቆማለች። ሞተሩ ግን ወላሂ ገና ልጅ ነው። እሱን አምጥተን እንቀይር። ይኼኛው ይጠገን ካልክም እጠግናለሁ፤ ግን ልፋት ነው።»

ጉዳዩን የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አነሣሁት። የውይይት ክበብ አስመሰሉት። የፊዚክሱ አስተማሪ ተነሥቶ፣ አሮጌ ሞተር እንደ አሮጌ ሥርዓት ነው፣ ከሥሩ ተነቅሎ በአዲስ ይተካል እንጂ አይጠጋገንም አለ። አንዱ ደግሞ ከጥግ ሆኖ፣ አዲሱስ መሥራቱን በምን አወቅን አለ። ብሎም በሩን አየ። ሁላችንም በሩን አየን። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር ያነሣ ሰው የለም።

የቀረችኝ እናቴ ነበረች። «እማዬ፣ ሞተሩ ይቀየር ወይስ ይጠገን?» አልኳት። ቋንቋችን እዚህ ላይ ጉድ ሠራኝ። መላዋን መሰላት። የሰው ንብረት እንዴት ይቀየራል፣ ሲመጣ ምን ልንለው ነው አለችኝ። ሲመጣ ነው ያለችው። መላዋን አይደለም፣ የውስጡን ነው ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ።

«ድምፁ ያው ይሆናል?»

ከተጠገነ ያው ነው፣ ከተቀየረ ግን እንጃ አልኳት። እንግዲያው ይጠገን አለች። እኔስ ከዚህ በላይ ምን ምክንያት እፈልጋለሁ? ከወንድሜ የቀረን ያ ድምፅ ነው። ጋሽ ነስሩን ሞተሩ እንዳይቀየር፣ እንደ ምንም ይጠገን አልኳቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። በዚያ ጊዜ ስለ ጠፋ ሰው በየጋራዡ አይወራም። ፒስተኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ሲሊንደሩ ተሞርዶ እስኪስተካከል ሰርቦ ባልደረባዬ ቤት ከረምኩ።

አልቋል ሲሉኝ መጣሁ። ጋሽ ነስሩ ሞተሯን አጥበው፣ ወልውለው አቁመዋታል። አስነሧት።

«ስማ» አሉኝ።

«ምኑን ልስማ?»

«ኤዬ፣ እሱን ነው የምልህ። ምንም የለም።»

እውነትም ምንም የለም። ዝም ብላ ትንፋሿን ታሰማለች። ጠቅጠቅታውስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አልሐምዱሊላህ፣ አዳንኩት አሉኝ። ሞተሩን እኮ አይቀይሩት ብዬዎት ነበር ስላቸው ተቆጡ። ሞተሩ ያው ነው፣ የለቀቀው ሕመሙ ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ግድ ሆነብኝና ነገርኳቸው። የማን ድምፅ እንደሆነ፣ በሩ ላይ ማን እንደምትጠብቅ ነገርኳቸው። ጋሽ ነስሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። ለካ አባ ጠቅጠቅ ሴት ልጃቸውን ከወባ አድኖላቸው ያውቃል።

«በሽታዬን መልስልኝ ብሎ የመጣ ደንበኛ አይቼ አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ግን እንሞክር።»

ሞከርን። የላላ ብሎን ከጎኗ አሰሩላት፤ እንደ ቃጭል ተንሿሿች። ቆርቆሮ ጠመዱላት፤ የባሰ ሆነ። እርስ በርስ ተያየን። ሁሉንም ፈተን ጣልነው።

ወደ ቤት ስሄድ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ለእናቴ የልጇን ድምፅ አጥፍቼ ልገባ ነው። ግቢ ስደርስ በሩ ዝግ ነው። ራሴ ከፈትኩት። እናቴ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ጎመን ትቀነጥሳለች። ቀና አለችና በምን መጣህ አለችኝ። በሞተሯ አልኳት። አልሰማኋትም አለች። ድምፁ ከሕመሙ እንደነበረ፣ ሕመሙ ሲድን አብሮ እንደሄደ ነገርኳት። የሰኮሩም ሞተር ይሁን ሌላ፣ እንደዚያ የሚል ፈልጌ አስገጥማለሁ አልኳት።

«ተወው» አለችኝ። ጎመኑን አስቀመጠች። «በመሸ ቁጥር እሱ መጣ ብዬ እነሣለሁ። ስከፍት አንተን አገኛለሁ። ልጄ፣ አንተን አይቼ ልቤ ያልወደቀበት ምሽት የለም። እናት በልጇ መምጣት ታዝናለች? ይኼን ለቄስም አልተናገርኩት።»

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ና ተቀመጥ። ዛሬ ገና አንተ መጣህ። እስቲ ትምህርት ቤት እንዴት ዋልክ?»

አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ እንዲህ ብላኝ አታውቅም። እንባዬ እየመጣ አስቸገረኝ እንጂ ስለ ትምህርት ቤቱ ብዙ ነገርኳት።

ሰርቦ መንገድ ላይ ከዚያ ወዲህ ልጁን ታቅፎ የሚወጣልኝ የለም። ሳይሰሙኝ ደርሼ አጠገባቸው ስቆም ይደነግጣሉ። አንድ ሽማግሌ ፍየላቸውን ልገጭባቸው ስል በኦሮምኛ ረገሙኝና በአማርኛ ስም አወጡልኝ። አባ ጭጭ። በሳምንቱ አገሩ ሁሉ ያዘው። በዚያ ዘመን አንድ አስተማሪ ዕድሜ እንዲሰጠው ከፈለገ ከዚህ የሚሻል ስም አያገኝም።

ለእናቴ ስነግራት አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ስንት ጊዜዬ ነው።

«አይ አባ ጭጭ» አለች። «ብርሃኑ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ይኼን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር።»

ሳቋ ቆመ። ያለችውን የሰማችው እንደ እኔ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ተነሣችና ነጠላዋን አውልቃ አዘቅዝቃ ለበሰችው።