ሊቀ ሞተር ገብረየስና የጣልያኑ ባሌስትራ

መኪና የሌለውን ሰው ያህል መኪና የሚያውቅ የለም። ባለመኪናው የሚያውቀው የራሱን አንዷን ብቻ ነው፤ እሷንም የሚያውቃት ስትቆምበት ነው። መኪና የሌለው ግን የሁሉም ባለቤት ነው። በየከተማው እንዲህ ያለ ሊቅ አንድ አይጠፋም፤ ለሱሉልታ የደረሱት አቶ ገብረየስ ነበሩ።

አቶ ገብረየስ የድርቆሽ ነጋዴ ናቸው። ድርቆሹን በአህያ አስጭነው እንጦጦን አሻግረው አዲስ አበባ ይሸጣሉ፤ እሳቸው በበቅሎ ይከተላሉ። መሪ ጨብጠው አያውቁም። ይህ ግን ዕውቀታቸውን ቅንጣት አላጎደለውም። እኔ በ1958 ዓ.ም. ሱሉልታ በመምህርነት ተመድቤ ስሄድ ማዕረጋቸው ጸድቆ ጠበቀኝ፤ ሊቀ ሞተር ይባሉ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው ባለጠጅ ቤቷ ወይዘሮ ማሪቱ ናቸው። ለማሾፍ ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀበሉት።

ሊቀ ሞተር ከፈረዱ ይግባኝ የለም። ቮልስዋገን ሞተሯን ከኋላ ስላዘለች "እናት ናት እንጂ መኪና አይደለችም" ይላሉ። የእንግሊዝ መኪና ጨዋ ነው፣ ግን ይቆዝማል። የጀርመኑ ያልታዘዘውን አይሠራም። የስፖርት መኪና ግን የጣልያን ነው፤ ሌላው አስመሳይ ነው። የስፖርት መኪና ምንድን ናት ብሎ ለጠየቃቸው "ወለሏ መሬት ሊነካ ስለሚደርስ ሰው ሽቅብ የሚወርድባት ናት" ብለው ይመልሳሉ። ጣሪያ ያጣችውም ባለቤቷ ደኽይቶ ሳይሆን ነጂው ሞተሩን ያለ ከልካይ እንዲሰማው ነው። ስለ እሽቅድድም ሲነሳ ደግሞ "ዳገቱንማ በቅሎዬም ትወጣዋለች፤ ወንድ የሚለየው ቁልቁለት ላይ ነው" ይላሉ። እኒያው ሰው ከእንጦጦ ቁልቁል ሲመጡ ከበቅሏቸው ወርደው በእግራቸው ሲስቧት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከመኪና ውጭ ቋንቋ የላቸውም። የጎረቤት ትዳር ሲፈርስ "ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ማርሽ ለወጡ" አሉ። ጉንፋን ይዞኝ ሳስል "ካንዴላህ ቆሽሿል" ብለው ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። ወገባቸውን ለሚያማቸው ለገበሬው ለኦቦ ኢቲቻም "ባሌስትራ ነው፤ አንዱ ቅጠል ሳይሰበር አልቀረም" ብለው ፈረዱ። ቃሉ ሁሉ ጣልያን ትቶልን የሄደው ነው። እሳቸው ግን ባሌስትራን ከአማርኛ ነው የሚቆጥሩት፤ እውነቱን ለመናገር እኛም እንደዚያው።

በዚያው ዓመት ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጎጃም መንገድ ዓባይ በረሃ የሚደርስ የመኪና እሽቅድድም ሊደረግ ነው ተባለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና የያዘ፣ ከአገሩ ገና የመጣ ጣልያን ነበር። መንገዱን ሊለምድ ሲመላለስ አቶ ገብረየስ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው እጃቸውን ያነሱለታል፤ እሱም ያነሳላቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው። ወሬው ጠጅ ቤት ሲደርስ ግን ጣልያኑ ያለ እሳቸው ምክር ማርሽ የማይለውጥ ወዳጃቸው ሆኖ አረፈው።

ወይዘሮ ማሪቱ አልዋጥላቸው አለ። "እንግዲያው በውድድሩ ዕለት ቆሞ ሰላም ይበልዎታ" አሏቸው በሰው ፊት። አቶ ገብረየስ ብርሌያቸውን አስቀመጡና ጣልያኑ ቆሞ ሰላም ካላላቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለ መኪና አፋቸውን ላይከፍቱ በቅዱስ ሚካኤል ማሉ። እሳቸው ደግሞ በሚካኤል ከማሉ ማሉ ነው። እኔ ጆሮዬ ሊያርፍ ነው ብዬ በልቤ እልል አልኩ። ሲወጡ ግን ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

የውድድሩ ዕለት ከተማው ነቅሎ መንገድ ዳር ተሰለፈ። አቶ ገብረየስ መኪና ሁሉ ቀስ ከሚልበት ከድልድዩ ጉድጓድ አጠገብ ቆሙ። ቀይዋ መኪና እያጓራች መጣች፣ ቀስ አለች፣ ጉድጓዱን ወርዳ ወጣች። ሊቀ ሞተር የሰውየውን ስም አያውቁም። ስለዚህ ከሚያውቁት ምስጋና ሁሉ ትልቁን መርጠው ባላቸው ድምፅ "ባሌስትራ! ባሌስትራ!" ብለው ጮኹ። ምን ያለ ባሌስትራ ነው ማለታቸው ነበር።

ጣልያኑ በገዛ ቋንቋው ባሌስትራ ሲባል ተሰበረብህ የተባለ መሰለው። ፍሬን ይዞ ቆመ፣ ዘሎ ወረደና መኪናዋ ሥር ገባ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ሊቀ ሞተር "ካምቢዮ! ፍሪሲዮን!" እያሉ ውዳሴውን ሲቀጥሉ ሰውየው በየቃሉ እየደነገጠ ሌላ ቦታ ይፈትሻል። በዚህ መሃል የኋላዎቹ መኪኖች ጥለውት አለፉ። አንድም ብልሽት እንደሌለ ሲረዳ ቀና አለ፤ ፊቱ ከመኪናዋ ብሶ ቀልቷል። ለአቶ ገብረየስ ረጅም ንግግር አደረገላቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ወደ እኔ ዞረው፣ "ማል ጄዴ? ምን አለ? መምህር፣ አንተ ጣልያንኛ ታውቅ የለ" አሉኝ። ከመምህርነት በፊት አዲስ አበባ አንድ ጣልያን መደብር ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሰውየው ያለው አንድም አላመለጠኝም። ከአቶ ገብረየስ እናት ጀምሮ ሰባት ቤታቸውን አዳርሷል።

ወይዘሮ ማሪቱ እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። መቆሙንማ ቆሟል፤ የቀረው ሰላም ማለቱ ነው። አቶ ገብረየስ ጋቢያቸውን ጨምድደው ዓይን ዓይኔን ያያሉ። ጠጅ ቤቱ የድርቆሽ ዋጋ ብቻ የሚወራበት፣ እሳቸው ጥግ ይዘው በዝምታ የሚቀመጡበት ሱሉልታ ድንገት ታየኝ።

"ሰላም ነው ወይ ወዳጄ፣ ምክርህ አይለየኝ ነው የሚለው" አልኩ።

እልልታው እንደገና ቀለጠ። ወይዘሮ ማሪቱ እንኳ ሳይወዱ አጨበጨቡ። ጣልያኑ የሚጨብጠው እጅ በዝቶበት፣ ግራ እንደገባው መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ሰዉ ሲበተን አቶ ገብረየስ በቅሏቸውን እየሳቡ አጠገቤ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መምህር፣ እኔ እኮ በጣልያን ጊዜ መንገድ ስቆፍር ነው የኖርኩት። ከጣልያንኛ የማውቀው ስድቡን ብቻ ነው፤ እሱን ግን አንድም አልስት" አሉኝ። ቀጥለውም "እግዜር ይስጥህ" አሉ።

ጎን ለጎን መንገድ ጀመርን። ስለ መኪና አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስመኘው የኖርኩት ዝምታ ይኸው መጣ፤ ድልድዩን ሳንርቅ ግን አላስችል አለኝ።

"ለመሆኑ አቶ ገብረየስ፣ የዛሬዋ ቀይ መኪና ስንት ሲሊንደር ናት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በቅሎዋም ቆመች። ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጀመሩ። መልሱ ቤታቸው ደጃፍ ስንደርስም ገና ነበር፤ ግባ ሲሉኝ ገባሁ።